በአውደ ምሕረት የዘጋሁት ሱቅ

ደባርቅ ውስጥ አንድ ነገር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአውደ ምሕረት ከተነገረ በቃ፣ ተነግሯል። በቅሎ የጠፋበት፣ ልጁን የሚድር፣ ድንበሩን የገፉበት፣ ሁሉም ቄሱን ለምኖ ያስነግራል። ከዚያ ወዲያ «አልሰማሁም» የሚል ሰው ወይ ከቅዳሴ ቀርቷል ወይ ዋሽቷል። እኔም ሱቄን ስዘጋ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ዛሬም ድረስ ምን እንዳጠፋሁ ብጠየቅ መልሱ ትንሽ ይተናነቀኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። እኔ የእንግዳ ወጥ ሠሪ ነበርኩ፤ እኛ «ኩክ» ነው የምንለው። ተራራውን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች ከቡይት ራስ ተነሥተው በየድንኳን ሰፈሩ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያሉ ሲያድሩ፣ ቀድሜያቸው ደርሼ ሾርባ የማፈላው እኔ ነኝ። ዕድሜዬ ገፋ ሲል ያጠራቀምኩትን አውጥቼ ድንኳን ገዛሁ፤ አምስት ትንንሽ የመኝታ፣ አንድ ትልቅ የመመገቢያ። አስፋልቱ ዳር ባለ አንድ በር ቤት ተከራየሁ፣ ንግድ ፈቃድ አወጣሁ፣ ቲን ነምበር ወሰድኩ፣ «የካምፕ ዕቃ ኪራይ» የሚል ታፔላ ሰቀልኩ። ጥሩ ሠራሁ። ከዚያ እንግዳ ጠፋ። ለምን እንደጠፋ ያገሬ ሰው ያውቀዋል፤ እኔም ደስ የሚል ነገር ላወራ ስለተቀመጥኩ አልገባበትም።

ባዶ ሱቅ ውስጥ ወራት ሙሉ ተቀመጥኩ። ዝንብ እንዳላባርር እንኳ ደባርቅ ብርድ ነው፣ ዝንብም የለም። በመጨረሻ ቤቱን ለባለቤቱ አስረከብኩና የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባታችን፣ ሱቄን ዘግቻለሁ። ዕቃ ወስዶ ያልመለሰ ይመልስ፣ መከራየት የሚፈልግም ሌላ ጋ ይጠይቅ ብለው ይንገሩልኝ» አልኳቸው።

ነገሩልኝ፤ አሳምረው ነው የነገሩልኝ። «ልጃችን ሱቁን ዘግቷል፣ እግዚአብሔር በሌላ በር ይክፈትለት» ሲሉ ሕዝቡ በሙሉ «አሜን» አለ። ዞር ብዬ ሳይ የግብር ቢሮው ኃላፊ ነጠላቸውን አጣፍተው ከወንዶቹ መሃል ቆመዋል። እሳቸውም አሜን አሉ፤ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። እንግዲህ መንግሥትም ሰማ ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ታፔላውን አወረድኩና ለዶሮዎቹ ቤት በር አደረግሁት።

ትልቁ ድንኳን ግን አላረፈም። የዕድራችን ድንኳን እንደ ወንፊት ነው፣ ዝናብ አይይዝም። ስለዚህ ሰው ሲሞት ወደ እኔ ይመጣሉ። «አባቴ አረፈ» ሲሉኝ «ውሰዱ» እላለሁ፤ ሌላ ምን ይባላል? ተዝካርም ሲሆን ውሰዱ፣ ሰርግም ሲሆን ውሰዱ። በሰርግ ጊዜ አንድ ማሰሮ ጠላ ይልኩልኛል፣ እጠጣለሁ። የለቅሶው ግን ከሁሉ ይለያል። እኛ አገር ለለቅሶ የሰጡት ዕቃ አይጻፍም። ማስከፈሉ ይቅርና መጻፉ ራሱ ነውር ነው። ኋላ ላይ ለሰውየው «ያኔ ድንኳን ሰጥቼህ ነበር» ማለትማ ከነውርም ነውር ነው፤ ሬሳ ላይ ቆሞ ውለታ መቁጠር ነው። እኔም ማን እንደወሰደ፣ መቼ እንደመለሰ አልያዝኩም። እንዲህ እየሆነ ሦስት ዓመት አለፈ።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ አብሮኝ ተራራ ሲወጣ የኖረ አስጎብኚ ነው፤ አሁን ጎንደር ላይ ሆኖ እንግዳ ያሰናዳል።

«ጋሼ፣ ድንኳኖቹ አሉ?»

«አሉ እንጂ! ምነው?»

«ከመስቀል በኋላ እንግዳ አለኝ። ድንኳኑም የርስዎ፣ ወጡም የርስዎ እንዲሆን ነው የምፈልገው። ግን ውል የምዋዋለው የታደሰ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ ካለው ሰው ጋር ነው። ክሊራንሱን ሐምሌ ሳያልቅ ይላኩልኝ፣ ፈቃዱ ይከተላል፤ ፍልሰታ ሳይገባ ለእንግዶቹ ማረጋገጥ አለብኝ። ካልሆነ እዚህ ጎንደር ድንኳን ያለው ሰው አለ፣ ለሱ እሰጠዋለሁ። እንዳይቀየሙኝ።»

ልቤ ዘለለች። እውነቱን ልናገር፣ ያስደሰተኝ ክፍያው ብቻ አይደለም። ግጭን ካየሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እጄ በብርድ ደንዝዞ ሽንኩርት መክተፍ፣ ጭላዳ ዝንጀሮው ገደል አፋፍ ላይ ሲንጫጫ መስማት፣ ሰው ደክሞ መጥቶ ያፈላሁትን ሾርባ ፉት ሲል ማየት ናፍቆኛል። እቤት ውስጥ ተጎልቶ የሚውል ሰው ሆኜ ነበር፤ ዶሮ እንኳ የማይፈራኝ። ለሚስቴ ስነግራት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉልበትህን ጠይቀኸዋል?»

«ጉልበቴ አንቺን ሳያስፈቅድ ተስማምቷል» አልኳት።

ሐምሌ ሊያልቅ ዐሥር ቀን ሲቀረው ግብር ቢሮ ሄድኩ። ዝናቡ ልክ የለውም፣ ጭቃው ጫማ ይውጣል፣ ሰልፉ ከበር ወጥቶ ቆርቆሮው ሥር ተኮልኩሏል። ትንሽ ነጋዴ ሁሉ የሚከፍለው በዚህ ወር ነው። ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ጋ መነጽር ያደረገች፣ ሹራቧ ላይ ጋቢ የደረበች ልጅ አገኘሁ። ቁጥሬን ኮምፒውተሩ ላይ መታችና ፊቷ ተቀየረ።

«አባቴ፣ እርስዎ ሦስት ዓመት አላሳወቁም።»

«ምኑን ልጄ?»

«ግብርዎን።»

«ሥራ የለም እኮ! ሥራ ከሌለ ምን ግብር አለ?»

«ሥራ ባይኖርም ‹አልሠራሁም› ብለው በየዓመቱ መጥተው ማሳወቅ አለብዎት። ወይ ደግሞ ፈቃዱን መመለስ ነበረብዎት። ፈቃዱ በእጅዎ እስካለ ድረስ ለእኛ ሱቅዎ ክፍት ነው።»

«መዝጋቴን አስነግሬያለሁ!»

«የት?»

«በአውደ ምሕረት ነዋ!»

ከኋላዬ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ምን ያስቃል? አለቃሽም ነበሩ! ቆመው ሰምተዋል፣ አሜንም ብለዋል!»

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። «አሜን ያሉት ለጸሎቱ ነው አባቴ፤ ፋይል አልከፈቱም።»

ይህን ብላ አልተወችኝም። በየዓመቱ ከተማውን እየዞረ ማን ምን እንደሚሠራ የሚያይ ኮሚቴ አለ። እሱ የጻፈውን ከፋይሌ አውጥታ አነበበችልኝ። ሱቁ ተዘግቷል፣ ድንኳኑ ግን በየሰፈሩ ተተክሎ ታይቷል ይላል፤ በመጀመሪያው ዓመት፣ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም። ባጭሩ፣ ሱቁን ዘግቶ በየቤቱ እያከራየ ነው ማለት ነው።

«አከራይቷል ነው የምትይው? ለለቅሶ? ደባርቅ ውስጥ? በማን ሬሳ ላይ ነው ሒሳብ የምቀበለው?» ድምፄ አስተጋባ። ሰልፉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ አላልኩም፣ ወረቀቱ ነው ያለው።»

«ወረቀቱን ማን አፍ ሰጠው?»

እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ሰው የሚቆጣበት መስኮት ላይ ስለተቀመጠች ለምዳዋለች መሰለኝ። በጸጥታ አስረዳችኝ። ድንኳኑን የወሰዱት ሰዎች ቀበሌ ቀርበው ገንዘብ እንዳልተቀበልኩ ይመሰክራሉ፣ ይፈርማሉ። ቀበሌው ደብዳቤ ይጽፋል። እኔ ደብዳቤውን ይዤ የሦስቱን ዓመት ቅጽ «አልሠራሁም» ብዬ እሞላለሁ፣ ስለዘገየሁ ትንሽ ቅጣት እከፍላለሁ፣ ክሊራንሱን እወስዳለሁ። «ምስክር ከሌለ ግን ኮሚቴው በገመተው የኪራይ ገቢ ልክ ይከፍላሉ። ቅሬታ ማቅረብ ይችላሉ፤ ያ ግን በሐምሌ አያልቅም» አለችኝ።

ከቢሮው ስወጣ ዝናቡን አላየሁትም። እንዴት አድርጌ ነው ሰው በር ላይ የምቆመው? «እናትሽ የሞተች ጊዜ ድንኳን ሰጥቼሽ ነበር፣ ነይ መስክሪልኝ» ልበል? ምላሴ ይቆረጥ! እቤት ገብቼ ለሚስቴ ነገርኳት፤ መጀመሪያ ስለ አውደ ምሕረቱ እስክትፈርስ ሳቀች፣ ቀጥሎ ምስክሮቹ ጋ ስደርስ ሳቋን አቆመች።

«ታዲያ መቼ ልትዞር ነው?» አለችኝ።

«አልዞርም።»

«ግጭስ?»

«ግጭ ይቅር። የጎንደሩ ሰውዬ ይውጣ።»

እንዲህ ስል ሆድ ባሰኝ። ዞር ብዬ ድንኳኖቹ የተከመሩበትን ጓዳ አየሁ። ከሁሉም የከበደኝ ጥፋቱ የራሴ መሆኑ ነው፤ በዓመት አንድ ቀን ያን መስኮት ጋ ሄጄ «አልሠራሁም» ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። ሚስቴ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እሷ ዝም ስትል መፍራት እንዳለብኝ በሠላሳ ዓመት ትዳር መማር ነበረብኝ።

እሑድ ቅዳሴ ወጣ። የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው አውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ። የአንድ ሰው ጊደር መጥፋቷን ተናገሩ፣ የሰንበቴ ተራ የማን እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተከሉ።

«በእነዚህ ሦስት ዓመታት በለቅሶም፣ በተዝካርም፣ በሰርግም በዚህ በልጃችን ድንኳን የተጠለላችሁ ሁሉ፣ ነገ ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ሄዳችሁ ‹ገንዘብ አልተቀበለንም› ብላችሁ ፈርሙ። ካልፈረማችሁ ሥራው ሊያመልጠው ነው። እሱ ራሱ አይጠይቃችሁም፤ ነውር ነው ብሏል። ልክ ነው፣ ነውር ነው። እኔ ግን ቄስ ነኝ፣ እጠይቃለሁ።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ጋቢዬን እስከ ግንባሬ ተከናነብኩ። በጋቢው ሥር ወደ ሴቶቹ በኩል ስመለከት ሚስቴ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ዛሬ ገና እንዳየችው አንጋጣ ታያለች። በመንገድ ላይ አላናገርኳትም። እቤት ስንደርስ «ምን ቆርጦሽ ነው?» ስላት «ምሳ ይቅረብ ወይስ ልትቆጣ ነው?» አለችኝ። ርቦኝ ስለነበር ምሳው ይቅረብ አልኩ።

ሰኞ ቀበሌ የሄድኩት እየተጎተትኩ ነው። ሦስት አራት ሰው ይመጣ ይሆናል ብዬ ነበር። ግቢው ግን ሞልቷል! ጃንጥላ በጃንጥላ ላይ። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ሰርጋቸው ላይ ጠላቸውን የጠጣሁላቸው ባልና ሚስት ልጃቸውን ታቅፈው፣ ወሬው ደርሶት በመጀመሪያው ሚኒባስ ከዳባት የመጣ ሰውዬ። ይህን የዳባት ሰውዬ ጨርሶ አላስታወስኩትም። «እህቴ እዚህ ስትሞት ሰው አላውቅም ነበር። ድንኳኑ ሲያፈስ በዝናብ ቆመህ የሰፋኸው አንተ አይደለህ?» አለኝ። እኔ ነኝ ለካ። መስፋቴ ትዝ አለኝ፣ ፊቱ ግን አልመጣልኝም።

የቀበሌው ጸሐፊ አንድ ስክሪብቶ ጨርሶ ሌላ አስመጣ። ጣታቸውን የሚያትሙት ጣታቸውን አተሙ። አንድ ሽማግሌ በከዘራ ተደግፈው ተራቸው ደረሰ።

«አባባ፣ መቼ ነው የወሰዱት?» አላቸው ጸሐፊው።

«ገና አልወሰድኩም።»

«ታዲያ ምን ሊመሰክሩ ነው?»

«አርጅቻለሁ እኮ ልጄ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ነኝ። ይህ ሰው ሱቁን ዘግቶ የቀረ እንደሆነ የእኔን ለቀስተኛ ምን ሊያስጠልለው ነው? ጻፈኝ!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ፤ ጸሐፊው ሊያስፈርማቸው አልቻለም፣ እሳቸውም ሳይፈርሙ አልሄድም ብለው ሙግት ገጠሙ። እኔ ከግድግዳው ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ምን ይደብቃል? እነዚያን ሦስት ዓመታት የባከኑ፣ ለማንም ያልጠቀምኩባቸው አድርጌ ነበር የማስባቸው። ያ ሁሉ ሰው ግን በዝናብ ተሰልፎ ጠቅመኸናል አለኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ደብዳቤውና የፊርማው ዝርዝር በሁለት ቀን ደረሰ። ይዤ ስሄድ የመስኮቷ ልጅ ገጹን እየገለጠች ቆየች፣ አንዳንዱ ስም ላይ ቆም ትላለች።

«በሉ ቅጹን እንሙላ። በመጀመሪያው ዓመት ከኪራይ ያገኙት ገቢ?»

«ምንም።»

«ዜሮ ብለው በእጅዎ ይጻፉ። ሁለተኛው ዓመት?»

«እሱም ዜሮ። ግን ልጄ፣ ኋላ ዋሸ እንዳትይኝ፣ ከሰርጎቹ ጠላ ተልኮልኛል።»

«ስንት?»

«በማሰሮ ነው።»

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። «ጠላውን አልፌልዎታለሁ» አለችኝ።

ሦስቱንም ዜሮ በእጄ ጻፍኩ፣ ቅጣቴን ከፈልኩ። የሐምሌ የመጨረሻ የሥራ ቀን ክሊራንሱ ሊታተም ሲል ኔትወርክ ጠፋ! እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። እሷም ምሳ ሳትወጣ ጠበቀች። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ኔትወርኩ ተመለሰ፣ ወረቀቱ ወጣ፣ ማኅተሙ አረፈበት። ፎቶ አንሥቼ ለአስጎብኚው ላክሁለት፤ «እሰይ ጋሼ!» ብሎ መለሰልኝ። ፈቃዱንም ነሐሴ እንደገባ አሳደስኩ።

ያን ዕለት ክሊራንሱን ይዤ ከመስኮቱ ልሄድ ስል ግን ልጅቷ አስቆመችኝ። «አንድ ነገር ልለምንዎት። ከእንግዲህ ንግድዎ ክፍት ነው። ድንኳኑን በነጻም ቢሰጡ ለማን፣ መቼ እንደሰጡ ይጻፉ። ካልጻፉ የዛሬ ዓመት ያው ጣጣ ነው።»

«የሰርጉን እጽፋለሁ።»

«የለቅሶውንስ?»

«የለቅሶ አይጻፍም ልጄ።»

«አባቴ!»

«አይጻፍም አልኩሽ።»

ራሷን እየነቀነቀች ቀጣዩን ሰው ጠራች።

በፍልሰታ የመጀመሪያው እሑድ የንስሐ አባቴ እንደገና ተናገሩልኝ። በዚህኛው ጊዜ ቢሮውን አስቀድሜ ነው ወደ ቄሱ የሄድኩት። «ልጃችን ሥራውን ጀምሯል፣ ለመንግሥትም በወረቀት አሳውቋል» ሲሉ ሕዝቡ ገና ካሁኑ ይስቃል። እሳቸው ግን አላበቁም፤ «ድንኳኑ ለለቅሶ እንደ ድሮው በነጻ ነው» አሉ። እኔ ይህን በሉ አላልኳቸውም! ሳያማክሩኝ! ግን ሌላ ምን ልል ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ሕዝቡ አሜን ሲል እኔም አሜን አልኩ። ከሴቶቹ በኩል የመስኮቷ ልጅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ትስቃለች።

ከመስቀል በኋላ ግጭ ላይ ነበርኩ። ምን ልበላችሁ፣ ሾርባው እንደ ድሮው ፈላ፣ ጭላዳዎቹ እንደ ድሮው ተንጫጩ። እንግዶቹ በትልቁ ድንኳን ተሰብስበው ሁለት ሁለት ጊዜ አስጨመሩ፤ እኔም ወጥ ሳወጣ እያንጎራጎርኩ ነበር። ስወርድ ጉልበቴ አቃሰተ፣ እቤት ስደርስ ግን ቀጥ ብዬ ገባሁ። ሚስቴ ምንም ሳትለኝ የሞቀ ውሃ አቀረበችልኝ።

ዘንድሮ ሐምሌ አንድ ቀን በጠዋቱ መስኮቱ ጋ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ታፔላዬን ከዶሮዎቹ ላይ ነጥቄ ቤቴ ደጃፍ መልሼ ሰቅያለሁ፣ የእንግዳ ደረሰኞቼን በፌስታል ይዣለሁ፣ የሰርጉንም በደብተር ጽፌያለሁ። ልጅቷ ተቀበለችኝ፣ አየችው፣ ደስ አላት።

«የለቅሶውስ አባቴ?»

«አልጻፍኩም።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። መሳቢያዋን ከፈተችና አንድ ወረቀት አውጥታ ፊቴ አኖረች። በእጅ ጽሑፍ ነው፣ ጥርት ያለ። ቀን፣ ሰፈር፣ የሟች ስም። ለቅሶ ስትደርስ ድንኳኑን ባየች ቁጥር እቤቷ ገብታ ጽፋዋለች፤ በእያንዳንዱም ጎን የቤቱ ሰው ፈርሟል። ጣቴን እያስኬድኩ ወደ ታች ወረድኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ «እናቴ» ይላል፣ መጋቢት። ያን ድንኳን የተከልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ሰላም ተባብለናል፣ አንድም ቀን አላነሣሁትም፤ እሷም አላነሣችውም።

«የሰጠ ሰው ሲጽፍ ነውር ነው ብለዋል፤ አምኜልዎታለሁ» አለችኝ። «የተጠለለ ሰው ቢጽፍስ?»

ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩት። ስክሪብቶውን ሰጠችኝ፣ ከፊርማዋ ሥር ፈረምኩ።